ልጁ ይቅደድ፣ ይለጥፍ፣ ያቡካ

መዋዕለ ሕፃናት የሚሄድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች አርብ አርብ ቦርሳው ውስጥ የሚመጣውን ወረቀት ታውቁታላችሁ። ፎቶ ኮፒ ነው። ላዩ ላይ ዓሣ፣ ኳስ ወይም ጣሪያው ላይ በረዶ የተከመረበት የፈረንጅ ቤት አለ። ልጁ መስመሩን ሳያልፍ ቀለም እንዲቀባ ታዟል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ቬሪ ጉድ» ተጽፎበታል። የሥዕል ክፍለ ጊዜ ማለት ይኸው ነው።

እኔ ይሄንን ሥዕል አልለውም። መስመር አለማለፍ አንድ መልመጃ ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ዓሣውን የሣለው ሌላ ሰው ነው። ልጁ ያዋጣው ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው፤ እሱንም መምህርቷ መርጣለት ይሆናል። ሠላሳ ልጆች ሠላሳ አንድ ዓይነት ዓሣ ይዘው ቤታቸው ይገባሉ።

የሚገርመው የመዋዕለ ሕፃናት አጀማመር እንዲህ አልነበረም። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 ለትንንሽ ልጆች የመጀመሪያውን ቤት ሲከፍት ዋናው ትምህርት የእጅ ሥራ ነበር። ልጆቹ በእንጨት ኩብ ይገነባሉ፣ ወረቀት ያጥፋሉ፣ የወረቀት ጥብጣብ ይሸምናሉ፣ ሸክላ ያድቦለቡላሉ፣ አትክልት ይተክላሉ። እኛ ጋ ስሙና ዩኒፎርሙ ገባ፤ ጭቃው በር ላይ ቀረ።

ጥፋቱን ትምህርት ቤቶች ላይ ብቻ መለደፍ ግን ደግ አይደለም። ትምህርት ቤት ወላጅ የሚጠይቀውን ነው የሚያቀርበው። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው «እንግሊዝኛ ይናገራል ወይ?»፣ «ስንት ፊደል ለየ?» ነው። ልጁ በጭቃ ተለውሶ ቢመጣ ለአቤቱታ ዳይሬክተሯ ቢሮ ድረስ የምንሄደው እኛው ነን።

እሺ፣ ፊደሉንስ በምኑ ሊጽፈው ነው? ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናሉ። አንዷ ጭረት ቀኝ እግር ላይ ስትውል ሌላ፣ ግራ ላይ ስትሆን ሌላ ናት። ይሄን የሚጽፉ ጣቶች በአራት ዓመታቸው ገና ለስላሳ ናቸው። የሚጠነክሩት ሊጥ ሲጨፈልቁ፣ ወረቀት በትንንሹ ሲቀድዱ፣ መቀስ ሲከፍቱና ሲዘጉ፣ ክር በቀዳዳ ሲያሳልፉ ነው። ስለዚህ ሊጥ የሚያቦካ ልጅ ጊዜ እያባከነ አይደለም። ለጽሕፈት እየተዘጋጀ ነው፤ ለዚያውም ሳያለቅስ።

ሥዕልም የራሱ መንገድ አለው። ልጅ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሞላው ይሞነጫጭራል። ሦስት ዓመት አካባቢ ክብ መዝጋት ይችላል። ከዚያ ክቡ ሰው ይሆናል፤ ትልቅ ጭንቅላት፣ ከጭንቅላቱ በቀጥታ የወጡ ሁለት ቀጫጭን እግሮች፣ ሆድ የሚባል የለም። በብዙ አገር ያሉ ልጆች ሰውን መሣል የሚጀምሩት እንዲህ ነው። እኛ ግን «ሆዱስ? ጆሮውስ የት ሄደ?» ብለን እርሳሱን ነጥቀን እናስተካክላለን። እባካችሁ ተዉት። ሆዱ ጊዜው ሲደርስ ይመጣል። ከትልቅ ሰው የሚፈለገው «ይሄ ማነው? እስቲ ንገረኝ» ማለት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወሬ አንዳንዴ ከሥዕሉ ይበልጣል።

«ዕቃው ውድ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ከሱቅ የሚገዛው ባለቀለም ሊጥ እውነትም ውድ ነው። ቤት ውስጥ ግን ይሠራል። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ጨው፣ ግማሽ ኩባያ ገደማ ውኃ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት። ውኃውን ትንሽ በትንሽ እየጨመራችሁ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪተው ማሸት ነው። ለቢጫ እርድ፣ ለሮዝ የቀይ ሥር ውኃ ይበቃል። በርበሬ አይሞከርም፤ ቀለሙ ቢያምርም ልጅ ዓይኑን ማሸቱ አይቀርም። ጨው ስላለበት ቶሎ አይበላሽም፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ በሌላ ቀንም ይሠራል። ጨው የበዛበት ስለሆነ ልጁ እንዳይበላው ብቻ አጠገቡ ሁኑ።

እዚህ ላይ አያቶች ይቆጣሉ። «እህል መጫወቻ ነው እንዴ?» ይላሉ። እኔ በዚህ አልከራከራቸውም። ዱቄት በዚህ ዋጋ እየተገዛ ልጅ በሊጥ አሻንጉሊት ሲሠራ ማየት ለብዙ ቤት ይከብዳል። ነቀዝ የገባበት ዱቄት ካለ በወንፊት ነፍቶ እሱን መጠቀም ይቻላል። ካልሆነ ግን ከሊጥ የሚሻለው ነገር በነፃ መሬት ላይ ተቀምጧል።

ጭቃ ማለቴ ነው። የገጠር እረኞች ከብት እየጠበቁ የሚሠሯቸውን የጭቃ በሬዎች ልብ ብላችሁ አይታችሁ እንደሆነ፣ በሬው ሻኛ አለው፣ ላሚቱ ጡት አላት፣ ቀንዱ እሾህ ነው። ያ ልጅ ማንም አላስተማረውም። ቀኑን ሙሉ ያየውን ነው የሠራው። የኔ ሙግት ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ፤ ልጅ ያየውን ይሥራ፣ የታተመለትን አይደለም። የኮንዶሚኒየም ልጅ የሚያየው በሬ ሳይሆን ሚኒባስ፣ ክሬንና ደረጃ ነው። እንግዲያው የጭቃ ሚኒባስ ይሥራ። ረዳቱን በር ላይ ያንጠልጥል።

አሠራሩም ቀላል ነው። ቀይ አፈር ወይም መረሬ ይፈለግና ጠጠሩ ይለቀማል። በጥቂት ውኃ ይታሻል። ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ እንደ ቤት ምርጊት ትንሽ የደቀቀ ጭድ ጣል ይደረግበታል። የተሠራው ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ከሥር ያረጀ ማዳበሪያ ወይም የካርቶን ቁራጭ ይነጠፍ፤ ልጁ የአባቱን አሮጌ ሸሚዝ ቁልፉን ወደ ኋላ አድርጎ ይልበስ። አከራይ የሚያስፈራችሁ ደግሞ በረንዳ ላይ አድርጉት። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። የትንሽ ልጅ ትዕግሥት ከዚያ ብዙም አያልፍም፤ የወላጅም እንደዚያው።

ለዝናብ ቀን ካርቶን አለ። የጫማ ካርቶን ቤት ይሆናል፣ የእንቁላል መያዣው አዞ ይሆናል፣ ጎደሎ የቀረች ካልሲ ሁለት ቁልፍ ተሰፍቶላት አፏን የምትከፍት አሻንጉሊት ትሆናለች። ድንች ለሁለት ተቆርጦ ፊቱ ላይ ቅርጽ ቢወጣበት ማህተም ነው። ቅርጹን በቢላ የሚያወጣው ትልቅ ሰው ይሁን። ከጀበናው ሥር የሚቀረው የቡና አተላ ቡናማ ቀለም ይሆናል፤ ከሰል ደግሞ ለጥቁር ማንም አይወዳደረውም። ለማጣበቂያ አንድ ማንኪያ ዱቄት በውኃ በጥብጦ እሳት ላይ ማወፈር ነው፤ ወረቀት በደንብ ይይዛል። ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ ቁልፍ፣ ባቄላ፣ ዶቃ የመሳሰለው አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ይራቅ። የቆርኪ ጠርዝም ይቆርጣል።

አንድ ነገር አትጠብቁ፤ የሚያምር ነገር። አዞው አዞ አይመስልም። ብዙ ወላጅ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ከኢንተርኔት ያየውን ሊሠራ ይፈልግና በመጨረሻ ራሱ ይሠራል፣ ልጁ ቁጭ ብሎ ያያል። እንደዚያ ከሆነ ዓሣው ፎቶ ኮፒ ቢደረግ ይሻላል፣ ቢያንስ ልጁ ቀለም ይቀባል።

የልጆቻችን ሥዕል ከቤት ቤት የሚዞርበት አንድ ቀን ነበረን፤ እንቁጣጣሽ። ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፣ በተለይ ወንዶቹ በጳጉሜን የሣሉትን አደይ አበባ፣ ፀሐይና ክንፋም መልአክ ይዘው ጎረቤት ያዳርሳሉ። ሥዕሉ የተጣመመ ነበር። እያንዳንዱ ግን በራሱ መንገድ ነበር የተጣመመው። አሁን በየመንገዱ የታተመ የአበባ ካርድ ይሸጣል፤ ልጆቹም በጅምላ ገዝተው በችርቻሮ ያዞሩታል። ንግዱን ተምረውበታል፣ አይካድም።

በልጆቹ አልፈርድም። ለታተመውም ለተሣለውም እኩል የምንከፍለው እኛ ነን። ስለዚህ ዘንድሮ የመስከረም አንድ ጠዋት በራችሁ ሲንኳኳ ዋጋ አውጡ። ሰማዩ አረንጓዴ የሆነበት፣ መልአኩ ሆድ የሌለው፣ ጥግ ላይ የጣት አሻራ ያረፈበት ወረቀት ይዞ ለመጣው ጨምራችሁ ስጡ፣ መልአኩ ማን እንደሆነም ልጁን ጠይቁት። የታተመ ይዞ የመጣውንም ባዶ እጁን አትመልሱት፤ በዓል ነው። «የዛሬ ዓመት ራስህ የሣልከውን አምጣ፣ እጥፍ አደርግልሃለሁ» በሉት፤ ሲያመጣም ቃላችሁን ጠብቁ።