ዝናቡን አለፈው

ባለፈው ማክሰኞ በእህቴ ልጅ ባጃጅ ከለገሃር ወደ ሳቢያን እየሄድኩ ዝናብ ሰማሁ። ሰኔ ነው። የወንበሩ ላስቲክ ሱሪዬን አልለቅም ብሏል፤ ላቤ በጆሮ ግንዴ ይንቆረቆራል። ከድምፅ ማጉያው ግን ዝናብ ይወርዳል፣ ነጎድጓድ ያጉረመርማል፣ ከሩቅ ደወል ይሰማል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ወላሂ ትንሽ ቀዝቀዝ አለኝ።

ጠቅ።

የልጁ አውራ ጣት ዝናቡን አቁሞ ሌላ ዘፈን አመጣ።

«ምነው?» አልኩት።

«አቦ ጋሼ፣ ዝናብ ብቻ እኮ ነው። ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

በሰኔ፣ በድሬ፣ የመጣለትን ዝናብ የሚያልፍ ሰው በዓይኔ አየሁ።

ከሳምንት በፊት ይኸው ልጅ ፍላሹን ሰጥቶኝ «ጋሼ፣ የነዚያን የምትወዳቸውን ጯሂዎች ምርጥ ምርጡን ጫንልኝ» ብሎኝ ነበር። «ብላክ ሳባዝ ነው የሚባሉት፤ የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ናቸው» አልኩት። ቀኑን ሙሉ «ሳቢያን፣ ሳቢያን!» እያለ ሲጣራ ለሚውል ልጅ ስሙ አይከብድም። ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኝ ስምንት ዘፈን መረጥኩ። ባለቤቴ «ለልጅህ ሰርግ ጥሪ ስንጽፍ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅክም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለሰርጉ ግን ሁሉንም ነው የጠራነው። እዚህ መቀነስ ነበረብኝ፤ መቀነስ ደግሞ ያጣላል።

ይህ የአውራ ጣት በሽታ የሱ ብቻ አይደለም። የጫት በርጫ ላይ ስልኩን የያዘው ሰው ለማንም ዘፈን ከአርባ ሰከንድ በላይ ዕድሜ አይሰጥም። መግቢያውን ያሰማሃል፤ አንተ ራስህን መነቅነቅ ስትጀምር ይነጥቅሃል። ጉርሻ አፍህ ድረስ አምጥቶ ለራሱ እንደመጉረስ ነው።

እናቴ ከተረቶች ሁሉ አንዱን ትወድ ነበር፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ»። እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ይህን የተረተ ሰው የድሬን ውሃ አፍልቶ አያውቅም። የቤታችንን ማንቆርቆሪያ ክዳን ከፍታችሁ እዩት፤ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ለብሷል። በየጊዜው በማንኪያ ጀርባ እየቀጠቀጥኩ ቅርፊቱን አወርዳለሁ። አንድ የአዲስ አበባ እንግዳ ሻዩ ውስጥ ቅርፊት ሲንሳፈፍ አይቶ «ይሄ ምንድነው?» አለኝ። «ካልሲየም ነው፣ ለአጥንት ይሆናል» አልኩት። ሁለተኛ ብርጭቆ አልጠየቀም። ይቅር፤ ውሃው አይሆንልንም። ነገርን ከሥሩ የሚለው ግን ይሠራል።

ሥሩ ያለው በርሚንግሃም የምትባል የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ውስጥ ነው። የባንዱ አባላት፣ አራት የሠራተኛ ልጆች፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ተሰባሰቡ። ጊታር መቺው ቶኒ አዮሚ ከዚያ በፊት፣ በ17 ዓመቱ፣ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ዕለት ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ወሰደበት። ልጁ ግራኝ ነው፤ ስለዚህ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው በተጎዳው እጁ ነው። የፋብሪካ አለቃው ሊጠይቀው መጥቶ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። ጃንጎ ሁለት ጣቶቹ በእሳት ተቃጥለው የማይታዘዙለት፣ ግን ጊታርን ጉድ ያሰኘ ሰው ነው። አዮሚ ተነሳ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ቆዳ አለበሰው። ቀጭን ክር ፈለገ፤ ኋላም ክሩን አላላው። ክር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፣ ይከብዳል። የዚያ የጨለማ ድምፅ ክብደት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ጣት የጎደለው ሰው እንዲህ ተሰቃይቶ የሠራውን፣ አሥር ጣት ያለው የእህቴ ልጅ በአንዱ ያልፈዋል!

ድሬ ላደገ ሰው ይህ ሙዚቃ ባዕድ አይደለም። ከተማችንን የወለዳት ብረት ነው፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ባይደርስ ኖሮ ማን ያውቃት ነበር። አባቴ ሸመንደፈር፣ የባቡር ሠራተኛ፣ ነበር። ልጅ ሆኜ ምሳውን ላደርስለት ስሄድ ከጋራዡ ግንብ ውጭ ቆሜ ብረት ብረትን ሲመታ እሰማ ነበር። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ዱም፣ ዱም። አይረን ማን የሚባለውን ዘፈናቸውን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን «ይሄንማ አውቀዋለሁ» አልኩ።

አይረን ማን ካልኩ ዘንድ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ያንን ዘፈን የያዘ ካሴት ነበረኝ፤ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ። የነምበር ዋን ሰፈር ልጅ የሆነ ጓደኛዬ ተዋሰኝ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። በአራት ወሩ መለሰልኝ። እንዳይቀዳበት የካሴቱን ጥርስ ሰብሬው ነበር። እሱ ቀዳዳውን በሲጋራ ወረቀት ጠቅጥቆ የእህቱን ሰርግ ቀዳበት! ከበሮው ዱም፣ ዱም ይላል፤ ልክ ጊታሩ ሊገባ ሲል፣ እልልልል! ከዚያ አንዲት ሴትዮ «ዶሮው ለሚዜዎቹ ደርሷል ወይ?» ትላለች። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ዘፈኑ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ዶሮው ደርሶ ይሆን እላለሁ። ልቅሶ ላይ እንገናኛለን፣ ሰርግ ላይ እንገናኛለን፤ አንድ ቀን እንኳ «ስለ ካሴቱ ይቅርታ» አላለኝም። ልንገራችሁ፣ ትዳሩ ከካሴቱ ቀድሞ ነው የተበጠሰው።

የት ነበርኩ? ምርጥ ምርጡ ላይ።

ልጁ ሳይነካካ ያዳመጠው አንድ ዘፈን ፓራኖይድን ነው። አይገርምም፤ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። አልበሙ አጠረ ተብሎ ለመሙያ በጥድፊያ የተሠራ ዘፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝ አራተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። አልበሙም ዋር ፒግስ («የጦርነት አሳማዎች») ሊባል የነበረው በሱ ስም ተጠራ። ሽፋኑ ላይ ጎራዴና ጋሻ ይዞ የሚሮጠው ሰው ግን አልተቀየረም፤ ጦርነቱ ተሰርዞ ተዋጊው ቀረ። እኔ ፓራኖይድን አልጠላም። ግን ከምርጦቹ አንደኛ የሚሉት ሰዎች ያናድዱኛል። ቆሎ ይዛችሁ ድግስ በላን እንደማለት ነው።

እህቴ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። «ልጄን የሰይጣን ዘፈን ታስለምድብኛለህ» ትለኛለች። ዋር ፒግስ ጦርነት ለኩሰው ራሳቸው ቤት የሚቀመጡትን የሚያወግዝ ዘፈን ነው ብዬ አስረዳኋት። አንገታቸው ላይ የሚያስሩትን መስቀል የዘፋኙ የኦዚ አባት፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ በእጁ እንደሠራላቸው ነገርኳት። «መስቀልማ ማን አያስርም» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም።

እኔ አንደኛ የምለው ያንን በዝናብ የሚጀምረውን ነው፤ በቡድኑ በራሱ ስም የተጠራውን። የመጀመሪያው አልበማቸው እ.ኤ.አ. ዓርብ የካቲት 13 ቀን 1970 ሲወጣ በሩን የከፈተው እሱ ነው። ዝናቡ ይዘንባል፣ ደወሉ ይደወላል፣ ትጠብቃለህ፣ ትጠብቃለህ፤ ከዚያ ጊታሩ ይወድቅብሃል። ካልጠበቅክ አይወድቅብህም። ይህን ለልጁ ላስረዳው ሞክሬ ነበር፤ ደንበኛ ጠርቶት ሄደ።

ለነገሩ በማን እፈርዳለሁ? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2025 አራቱ ሽማግሌዎች በዚያው በርሚንግሃም ለመጨረሻ ጊዜ አንድ መድረክ ላይ ወጡ። ኦዚ መቆም አቅቶት ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። አራት ዘፈን ብቻ ተጫወቱ፤ ዋር ፒግስ፣ ኤንአይቢ፣ አይረን ማን፣ መዝጊያው ፓራኖይድ። በ17 ቀኑ ኦዚ በ76 ዓመቱ አረፈ። አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ግን ዝርዝሩን ሳየው ተናደድኩም። ዝናቡን ራሳቸው አለፉት!

ማክሰኞ ዕለት ግን በቀላሉ አልለቀቅኩም። «መልሰው» አልኩት፤ መለሰው። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። መሃል ላይ የተሳፈሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ እባክህ ያንን አጥፋልኝ» አሉ። «ከደቻቱ ወዲህ ይሄን ድምፅ አልችልም።» የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ የሌሊት ጎርፍ ማለታቸው ነው። ከ200 በላይ ሰው የወሰደውን።

አሁን ጣቱን ሲሰድ ምንም አላልኩም። እሳቸው እስኪወርዱ ሁላችንም ዝም አልን።

ከወረዱ በኋላ የመጣው ዋር ፒግስ ነው። መግቢያው ላይ የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ይጮሃል። ልጁ ድምፁን ጨመረው። ከፊታችን የነበረው ባጃጅ ደንግጦ ወደ ዳር ወጣ። ከሱ ፊት የነበረውም ወጣ። ጫት የተሸከመ ጋሪ ሳይቀር ጥጉን ያዘ። አምቡላንስ መስለናቸዋል። ሳቢያን እንደዚያ ቀን በፍጥነት ደርሼ አላውቅም።

ትናንት ስደውልለት ከኋላው ሳይረን ይሰማል። ሃያ ሰከንድ ያህል ይጮሃል፤ ጠቅ፤ እንደገና ከመጀመሪያው።

«ጋሼ፣ ይሄኛውስ ምርጥ ነው» አለኝ።