«ልትሸጣት ነው?»

ሰው ሞተሩን አጥቦ በሩ ላይ ቢያቆማት «ጎበዝ» ይባላል። ፍሬኗን ቢያስጠግን «ነፍሱን ይወዳል» ይባላል። ኪሎሜትር ቆጣሪዋን ላሠራ ብሎ ከተነሣ ግን የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ልትሸጣት ነው?»

ያልጠየቀኝ የለም። ባለቤቴ ጠየቀችኝ። የሰፈሩ ጎሚስታ ጎማዬን እየነፋ ጠየቀኝ። አማቴ ከወሬው ግማሹን ሰምተው ስልክ ደወሉና «ችግር ከገጠማችሁ ለእኔ አይነገርም?» ብለው ተቆጡ። ቆጣሪ የሚሠራው ፍጥነትን ለማወቅ ሊሆን ይችላል ብሎ የጠረጠረ አንድም ሰው አላጋጠመኝም።

ሞተሬ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ባለ ሁለት ምት ስለሆነች ከቤንዚኑ ጋር ዘይትም ታቃጥላለች፤ እኔ ከመድረሴ በፊት ድምጿ፣ ካለፍኩ በኋላ ጭሷ ስለ እኔ ይናገራል። የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ነበረችና በጨረታ ነው የገዛኋት። ስገዛት የፍጥነት መርፌዋ 70 ላይ ቆሞ ነበር። በር ላይ ቆማ 70 ናት፤ ነዳጅ አልቆባት ዳገት ለዳገት ስገፋትም 70 ናት። የኪሎሜትሩ ቁጥር ደግሞ 08412 ይላል። ከሃያ ዓመት በላይ በወረዳ አፈር መንገድ የግብርና ባለሙያ ይዛ ስትዞር የኖረች ሞተር የሄደችው 8,412 ኪሎሜትር ከሆነ፣ ባለሙያው አብዛኛውን መንገድ ተሸክሟት ሄዷል ማለት ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ በመሥሪያ ቤት ሞተር ላይ ቀድሞ የሚሞተው ዕቃ ቆጣሪው ነው፤ ለምን ብሎ መካኒክ መጠየቅ አያስፈልግም። ነዳጅ የሚወራረደው በኪሎሜትር ነው። ቆጣሪው «ደርሶ መልስ 24» ሲል ወረቀቱ «60» ይላል። ሁለቱ ተስማምተው መኖር ካልቻሉ አንዳቸው መሞት አለባቸው፤ ወረቀቱ እንዳይሞት ማኅተም አለበት። ስለዚህ ቆጣሪው «በመንገዱ አስቸጋሪነት ምክንያት ከጥቅም ውጭ ሆኗል» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዝለታል፣ ሦስት ሰው ይፈርምበታል፣ አለቀ። ክላክስ ቢበላሽ በሳምንቱ ይገዛል። ቆጣሪ ለመግዛት የተሰበሰበ የግዥ ኮሚቴ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ቆጣሪ በሌለበት ፍጥነቴን የሚለካልኝ ሕዝቡ ነበር። እናቴ ዘንድ ሁልጊዜ እበራለሁ። ኋላዬ የሚፈናጠጠው የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ሰዓት ሲረፍድበት «ምነው ተኛህሳ!» ይለኛል፤ ማታ ስንመለስ፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው መንገድ፣ «ኧረ ልጆች አሉኝ!» እያለ ጃኬቴን ይጨመድዳል። የእድራችን ጸሐፊ «መቶ ሲነዳ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ» ብለው በጉባኤ ፊት መስክረውብኛል። ያን ዕለት ከኋላ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭኜ ነበር።

መካኒኩ ጋ የሄድኩት በዚህ ሁሉ ምስክርነት መሐል ነው። ሰውየው የፊት ጎማውን በድንጋይ ከመሬት አንሥቶ፣ ከቆጣሪው ሥር ያለችውን ቀለበት በጣቱ ፈትቶ የገመዱን ጫፍ ወደ ውጭ ጎተተ። ከዚያ ጎማውን በመዳፉ አሽከረከረው። በጎማው እምብርት ላይ ያለችው ትንሽ ጥርስ ገመዱን ከውስጥ ታዞረዋለች፤ አራት ማዕዘን የሆነው የሽቦ ጫፍ ጥቁር ቅባቱን እንደ ለበሰ ቀስ ብሎ ተሽከረከረ።

«ገመዱ ጤነኛ ነው ጋሼ» አለኝ። «ባይዞር ኖሮ ወይ ገመዱ ወይ ታች ያለው ጥርስ ነው እንል ነበር። መርፌው እየዘለለ ቢያስቸግርህም ገመዱ ደርቋል ብለን ቅባት እናጠጣው ነበር። ያንተ ግን…» ቆጣሪውን በካቻቢቴ እጀታ ኳ ኳ አደረገው።

የብረት ቀለበቱን ዙሪያውን እየፈነቀለ መስታወቱን ሲያነሣው፣ በቁጥር ጎማዎቹ መሐል የተሸጎጠች አንዲት የክብሪት እንጨት አገኘን። ጫፏ አልተጫረም። ጥርሶቹ እሷን ለማለፍ ሲታገሉ ተፍቀው አልቀዋል። መካኒኩ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አነሣትና «ይቺስ በመንገዱ አስቸጋሪነት አልገባችም» አለ። የወረዳን ቃለ ጉባኤ የት እንዳነበበ አላውቅም።

መሣሪያው ራሱ ግን ብልህ ነው። ኦቶ ሹልዜ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1902 በርሊን ላይ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት አሠራር ነው፣ እስከ ኤሌክትሮኒኩ ዘመን ድረስ ብዙም ሳይለወጥ የዘለቀ። ገመዱ የሚያዞረው ማግኔት ነው። ማግኔቱ በአንዲት የአሉሚኒየም ቆብ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ሁለቱ በጭራሽ አይነካኩም። አሉሚኒየም ማግኔት እንደማይስበው የታወቀ ነው፤ ቢሆንም መሽከርከሩ በቆቧ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚፈጥር ቆቧ ተከትላ ልትዞር ትሞክራለች። ልክ የሰፈር ሐሜት ማንንም ሳይነካ ሁሉን እንደሚያዞረው። ከመርፌው ሥር ያለች የፀጉር ያህል ቀጭን ምላስ (ጥቅልል ስፕሪንግ ናት) ደግሞ ወደ ኋላ ትይዛታለች፤ ጉተታው ከመያዣዋ ጋር በተመጣጠነበት ቦታ መርፌው ይቆማል። የእኔዋ ስፕሪንግ ተበጥሳለች። 70 የቀረው ለዚያ ነው።

«ሌላ ፈልገን እንቀይረዋለን» አለኝ መካኒኩ፣ ከዚያም ፀጉር አስተካካይ በመስታወት ውስጥ እንደሚጠይቀው አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «ቁጥሩን ስንት ላድርግልህ?»

«የሄደችውን።»

«የሄደችውን ማን ያውቃል?» ትንሽ አሰበ። «15 ሺህ ይሁን። ከዚያ በላይ ገዢ ይደነግጣል፤ ከዚያ በታች ገዢ ይስቃል።»

ለጊዜው አመስግኜው ሶማሌ ተራ ወረድኩ። መርካቶ ውስጥ የተሽከርካሪ ዕቃ ጠፋ ከተባለ ወይ እዚያ አለ ወይ ገና አልተሠራም። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ ፊቱ ላይ 80 ብሎ የሚያበቃ ቆጣሪ አቀረበልኝ። ገልብጬ ሳየው በማይል ነው።

«ታዲያ ምናለበት ወንድሜ? 60 ስትሄድ 37 ይልልሃል። ሚስትም አትጨነቅ፣ ትራፊክም አይጨቅጭቅህ» አለኝ። እርግጥ ትራፊኩ የሚያየው የእኔን ቆጣሪ አይደለም፤ ይህን ለባለ ሱቁ ማስረዳቱን ግን ተውኩት።

ሁለተኛው ከሌላ ሞተር ላይ የወረደ፣ ታች ያለውን የጎማ ጥርስ ጭምር የያዘ ሙሉ ዕቃ አመጣ። የዚያኛው ሞተር የፊት ጎማ 18 ኢንች ነው፣ የዲቲ ግን 21። ጥርሱ የሚሰላው በጎማው ልክ ነው። ለትንሽ ጎማ የተሠራው ትልቁ ላይ ሲገጠም፣ ትልቁ ጎማ ለአንድ ኪሎሜትር ከትንሹ ያነሰ ጊዜ ስለሚዞር፣ 50 እየሄድክ ወደ 45 ገደማ ይነግርሃል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 ቆጣሪ በትንሹ ቢያጋንን ይፈቅድለታል፤ ማሳነስ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች የግብር ከፋይን ደረሰኝ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ጋ ትክክለኛው ተገኘ። 61 ሺህ ምናምን ኪሎሜትር ይላል። ባለ ሱቁ ቁጥሩ አሳፍሮት ነው መሰለኝ ሳልከራከር ዋጋ ቀነሰልኝ፤ ቀጥሎም «ዜሮ አድርጌ ልስጥህ፣ ምርቃት ነው» አለ። ይቆይ አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። «ልትሸጣት አይደለም እንዴ?»

መግጠሙ ብዙ ወሬ የለውም። የመካኒኩ ረዳት ልጅ ገመዱን ከላይ እስከ ታች ግሪስ ሊለቀልቀው ሲል አለቃው እጁን መታው። የሚቀባው የታችኛው ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው፤ ከላይ ከተቀባ ግሪሱ እየተሽከረከረ ወጥቶ ቆጣሪው ውስጥ ይገባል፣ መርፌውንም አፍኖ ይይዘዋል። የጥርሱ ቤትም በጎማው እምብርት ላይ ካሉት ጆሮዎች ጋር ሳይገናኝ ፐርኑ (የጎማው ዘንግ) ከጠበቀ ይደቅቃል። እኔ በበኩሌ የአሮጌውንም የአዲሱንም ቁጥር ማስታወሻ ላይ ጻፍኩ፤ የጥገናው ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና። መካኒኩ ስጽፍ ሲያየኝ «ኦዲተር ነህ እንዴ?» ብሎ ፈገግታውን ሰበሰበ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን መዘዝ አላሰብኩትም ነበር። ባልደረባዬ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ መርፌውን አየና፣ ጃኬቴን ጨምድዶ እንደ ያዘ፣ «38 ነው እንዴ የምንሄደው?» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹን አንሥቶ አያውቅም። እናቴ ቁጥሩን ባሳያትም አሁንም እበራለሁ። የእድሩ ጸሐፊ ሞተሯ ባዶ አስፋልት ላይ፣ ሙሉ ነዳጅ ይዛ፣ እንደ ምንም 85 መድረሷን ሲሰሙ ሳያቅማሙ ፈረዱ፤ «ቆጣሪው ተበላሽቷል።»

ከከተማ ወጣ ብለን የመንገድ ዳር የኪሎሜትር ድንጋይ እንጠቀም አልኳቸው። መርፌው 60 ላይ ከያዘ ከአንዱ ድንጋይ እስከ ቀጣዩ ልክ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሰዓቱን ራሳቸው ያዙ። አንድ ደቂቃ ከሁለት ሰከንድ ሆነ። ጸሐፊው ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ድንጋዩን በጫማቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «ይሄም ቢሆን ማን እንደተከለው አይታወቅም» አሉ።

ሰኔ ሲጋመስ አንድ የማውቀው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሞተር ስምሪት ላይ የሚሠራ ሰው ስልክ ደወለልኝ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሰላምታው ረዘመ፣ የልጆቼን ጤንነት በየስማቸው ጠየቀ። በመጨረሻም ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ቆጣሪ ቀየርክ ሲሉ ሰማሁ።»

«አዎ።»

«የድሮውን አልጣልከውም አይደል?»

«ኧረ እሱ እኮ አይሠራም።»

«አውቃለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «እንጨቷም አብራ አለች?»