ኩርባው የትኛው ነው?

ከላም በረት ወደ ደብረ ብርሃን በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነን፤ ገና ለገጣፎን አላለፍንም። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት የልጅ ልጃቸውን «እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው የመጣሁት» አሏት። ልጅቱም ከአዲስ አበባ ፖሊስ ገጽ ላይ ያገኘችውን አነበበችላቸው። ነገሩ የቆየ ማታለል ነው። አንዱ መንገድ ላይ ወርቅ የሚመስል ነገር «ያገኛል»፤ ሌላው «አይቼሃለሁ፣ እንካፈል» ይላል፤ በመሀል የምታልፍ ምስኪን የጆሮዋን አውልቃ ትሰጥና ነሐስ ይዛ ትቀራለች። ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ «ልዩ ቦታው» ሳይቀር ተጽፏል። እናት አዳምጠው ሲጨርሱ «ዛሬ ጠዋት እኮ እዚያው ነበርን!» አሉና ነጠላቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ጉትቻቸውን ሸፈኑ።

የፖሊስ መረጃ ሥራውን ሲሠራ እንዲህ ነው። አንዲት አሮጊት ሰምተው እጃቸው ወደ ጆሯቸው ከሄደ ያ ጽሑፍ ግቡን መቷል።

ሰንዳፋን፣ የፖሊስ ዩኒቨርሲቲውንም አጥር አለፍን። ከአለልቱ ወዲህ ሹፌራችን ገለባ የጫነ አይሱዙ ሊቀድም ወጣ ሲል ከፊት የመጣ ሲኖትራክ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ድርግም አደረገለት። ሹፌሩ ወዲያው ወደ መስመሩ ገባ፣ ቀበቶውን ሳይቆልፍ ደረቱ ላይ ጣል አደረገ። ረዳቱ ደግሞ መተላለፊያው ላይ ያስቀመጣቸውን ሁለት ትርፎች «እናንተ፣ ዝቅ በሉ» አላቸው። ዝቅ አሉ። «ምን መጣ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥቂት እንደሄድን ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል።

በዚህ መንገድ ላይ ከመብራት ጥቅሻ የፈጠነ የመረጃ አገልግሎት የለም። ችግሩ የሚነግረን ፖሊሱ የት እንደቆመ እንጂ አደጋው የት እንደሚጠብቀን አለመሆኑ ነው።

የምለው ይህን ነው። እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ስለ መርካቶ ኪስ አውላቂ የምናውቀውን ያህል በየሳምንቱ ስለምንመላለስበት መንገድ አናውቅም። የአዲስ አበባ ፖሊስ በየቀኑ ይጽፋል፤ ለበዓል የሚዘጉ መንገዶችን ከነአማራጫቸው ያወጣል፤ 991 ደውሉ ይላል፤ ሌባው ምን ዓይነት ዘዴ እንደተጠቀመ ያብራራል። ጉድለቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ፤ ግን ይጽፋል። እኛ ዘንድ ስለ መንገድ አደጋ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መስመር ነው፤ የተገለበጠ መኪና ፎቶ፣ የሞቱትና የቆሰሉት ቁጥር፣ «አሽከርካሪዎች ጥንቃቄ እንዲያደርጉ» የሚል ማሳሰቢያ። የት? «በወረዳው ልዩ ስሙ እንዲህ በተባለ ቀበሌ።» አንድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ ስንት ኩርባ እንዳለ በዚያ በኩል የነዳ ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ምክንያቱ የሚነገርበት ቋንቋ ነው። «ፍሬን እምቢ ብሎት።» ይህን ሐረግ ስንት ጊዜ አንብበነዋል? ፍሬን ልክ እንደ አኩራፊ በቅሎ በገዛ ፈቃዱ እምቢ ያለ ይመስላል። ፍሬን እምቢ አይልም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲሄዱ ያለውን ጣርማ በርን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። ከዚያ ወጥተው ደብረ ሲናን፣ አርማንያን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት። ጠዋት በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው ቁልቁለቱን ሲጨርስ ሸሚዙን ይፈታል። ከባድ ጭነት የያዘ መኪና ይህን ሁሉ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ተይዞ ካልወረደ፣ ሹፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ረግጦ ያግለዋል። የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረግጡትም አይዝም። ይባስ ብሎ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ «ፍሪ» የሚለቅ አለ። ጭነቱ ከልክ በላይ ከሆነ፣ የፍሬኑ ሸራ ከተበላ፣ ጉሙ ከተጨመረበት ሂሳቡ ይዘጋል። እንግዲህ ይህ ሁሉ «እምቢ ብሎት» በሚለው ውስጥ ተቀበረ ማለት ነው።

«ቸልተኝነት» የሚለውም ያው ነው። የማን ቸልተኝነት? ሹፌሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ ከሆነ አሠሪውስ? ትርፍ የጫነው ሚኒባስ በስንት ኬላ አልፎ መጣ? «በደረሰው አደጋ የሰው ሕይወት አለፈ» ሲባል አደጋው እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ያህል ነው፤ ያወረደው የለም፣ ሊያስቆመው ይችል የነበረም የለም።

መረጃው ጠፍቶ ቢሆን ባልከፋኝ። መረጃው አለ። የአክስቴ ልጅ ፒክአፕ ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገዱ ዳር ባለች አንዲት ከተማ ተጋጭቶ ስለነበር ጉዳዩን አብሬው ስከታተል ሰነበትኩ። የትራፊክ መርማሪው ሜትር ዘርግቶ፣ ጎማው የጎተተበትን ለክቶ፣ የአስፋልቱን ስፋት፣ የዛፉን ቦታ፣ መኪናዎቹ የቆሙበትን አቅጣጫ በወረቀት ላይ ስሎ ነበር። «ፕላን» የምንለው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ኢንሹራንስ ፊትህንም አያይም። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ በእርሳስ የተሠራ፣ ጠርዙ ላይ የሻይ ምልክት ያረፈበት፣ ግን ጥንቅቅ ያለ ሥራ። ኩርባው ላይ የተቀባው መስመር ጠፍቶ እንደነበር ሳይቀር በማስታወሻ ተጽፏል። ያ ማስታወሻ ፋይል ውስጥ ገባ። ለሕዝብ የወጣው «ሁለት ተሽከርካሪዎች ተጋጭተው በንብረት ላይ ጉዳት ደረሰ» የሚል ብቻ ነው። መስመሩን የሚቀባው መሥሪያ ቤት አላነበበው፣ በማግስቱ በዚያ ያለፈ ሹፌርም አላነበበው።

ሞት፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ቀላል የአካል ጉዳት፣ የንብረት ውድመት ተብሎ ለዓመታት ተመዝግቧል። ከእነዚህ ፋይሎች ላይ «በዚህ ዓመት ሰው የሞተው እነዚህ ስድስት ቦታዎች ላይ ነው፣ ሰዓቱ ይህ ነው፣ የሞቱት እግረኞች ናቸው ወይስ ተሳፋሪዎች» ብሎ አንድ ገጽ ማውጣት ምን ያህል ይከብዳል? አዲስ አበባ የመንገድ ደህንነት ዓመታዊ ሪፖርት አሳትማለች። ከሟቾቹ አብዛኞቹ እግረኞች እንደሆኑ በቁጥር ስለታየ ነው ወሬው ከ«ሹፌሩ» ወጥቶ ወደ መሻገሪያና ወደ እግረኛ መንገድ የዞረው። በእኛ መንገድ ላይ እኮ እግረኛ ማለት ከገበያ የሚመለስ ገበሬ፣ ገለባ የጫነች አህያ፣ በጉን በገመድ የሚጎትት ልጅ ነው። ስለ እነሱ ቁጥር ያየ ማን ነው?

በአዲስ አበባው ላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ጉድለት እዚህ ጋ ነው፤ ወሬው መጨረሻ እንደሌለው ተረት ነው። «ምርመራው እየተጣራ ነው» ይባላል፤ ከዚያ ዝም። ከጉትቻ አታላዮቹ ስንቱ ተፈረደበት፣ ስንቱ በነፃ ወጣ፣ የማን ወርቅ ተመለሰ? በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ አዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስትገድብ ምክንያቱ ወንጀል ነው ተብሎ ተነግሮን ነበር። እሺ፤ ከዚያስ በኋላ ዘረፋው በስንት ቀነሰ? በሞተር እንጀራውን ይበላ የነበረ ሰው ይህን የመጠየቅ መብት አለው። ድሮ ፖሊስ የሚያሳትመው ጋዜጣ ስሙ «ፖሊስና እርምጃው» ነበር። ዛሬ ፖሊሱ አለ፣ እርምጃው ነው የሚጎድለን።

የፎቶው ነገር ደግሞ ለብቻው ያሳስበኛል። ተጠርጣሪዎች ግድግዳ ተደግፈው፣ ፊታቸው ቁልጭ ብሎ፣ የተያዘባቸው ዕቃ እግራቸው ሥር ተደርድሮ ይለጠፋሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። አዲስ አበባ ሰፊ ናት፤ ሰው ሰፈር ቀይሮ ይኖር ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ያ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ፣ እናቱ በየትኛው ሰንበቴ እንዳሉ፣ እህቱ ማንን እንዳገባች ሁሉ ይታወቃል። ከሦስት ወር በኋላ ዐቃቤ ሕግ «ማስረጃ የለም» ብሎ ቢዘጋው፣ መዝገቡ እንደተዘጋ የሚለጥፍ የለም። ዘዴውን ንገሩን፣ ሰፈሩን ንገሩን፣ ፊቱን ለፍርድ ቤት ተዉት።

«በዚህ ጊዜ ስለ ኩርባ ታወራለህ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ያለንበትን የግጭት ጊዜ አላጣሁትም። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ ያውቃል፤ ሰው ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገድ አለ?» ብሎ ነው። ፖሊሱም ሰው ነው፣ ሥጋት ላይ ነው የሚውለው። ግን ችግሩ ራሱ ነው ነገሬን የሚያጠናክረው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ በአማራ ክልል ለወራት ሲቋረጥ ገጽ ላይ የሚለጠፍ መረጃ ለማን ደረሰ? ወሬው ግን ዳታ አልፈለገም። «ጫጫ ጋ መኪና ተቃጠለ፣ አርባ ሰው አለቀ» ተብሎ ሰው ጉዞውን ሰርዞ ሲያበቃ፣ ነገሩ ጎማ የፈነዳበት አንድ መኪና ሆኖ ይገኛል። ሌላ ቀን ደግሞ የእውነት አደጋ ሆኖ ሰው «ወሬ ነው» ብሎ ይወጣል። ኦፊሴላዊው ቃል ሲዘገይ ሁለቱም እኩል ይታመናል፣ ሁለቱም እኩል ይናቃል።

ስለዚህ ገጽ መክፈት ብቻውን አይበቃም። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ ድምጽ ማጉያ አለ፤ ቀኑን ሙሉ የመኪና ተራ ይጠራበታል። በዚያው ማጉያ ጠዋት «ዛሬ ጣርማ በር ላይ ጉም አለ፣ ዋሻው ሳትደርሱ መብራት አብሩ» ቢባል ብር አያስወጣም። የታሪፍ ወረቀት የሚለጠፍበት ግድግዳ ላይ የወሩ አደጋ በካርታ ቢለጠፍ ሹፌር ቆሞ ያያል፤ ሹፌር ስለ መንገድ የተጻፈ ነገር ካገኘ ሳያነብ አያልፍም፣ ቢያንስ ለመከራከር። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከወጣ ስንት ዘመኑ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለ መረጃ፣ በሕግ ካልተከለከለ በቀር፣ የሕዝብ ነው ይላል። የስብሰባ ፎቶ ለመለጠፍ ያልጠፋ ጊዜ ለዚህ መጥፋት የለበትም። (ስለ ስብሰባ ፎቶው ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ይቅር።)

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላይ እናት ወረዱ፤ ጉትቻቸው አሁንም በነጠላ እንደተሸፈነ ነው። እኔ በማግስቱ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ነበረብኝ። እንደ ወጉ ቆሎ ልገዛ ስቆም ሻጯን ያ ባለፈው የተባለው የጭነት መኪና የት እንደወደቀ ጠየቅኋት። በጣሳ እየሰፈረች፣ ቀና ሳትል፣ በአገጯ ወደ ላይ አመለከተችኝ።

«ያቺ ባሕር ዛፏ የተሰበረችው ጋ ነው። እዚያው ነው ሁልጊዜ። ከዋሻው ሲወርዱ ቀጥ ያለ ይመስላቸዋል፣ ከዚያ ድንገት ይታጠፍባቸዋል። ትላንትና ማታም አንዱ ለጥቂት ነው የተረፈው።» ቆሎውን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልላ ሰጠችኝና «ስትመለስ በጉም ከሆነ ጡሩንባህን ንፋ» አለችኝ።