«ይመለሳል ወይ?» ለምትሉ ወገኖቼ

«ሰውዬው ዘንድሮም ይመለሳል?»

የምርጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ እስከ ዓለም ከተማ፣ ወንበር ላይ ስላለው ሰው የምንሰማው ይህንኑ ነው። ለቅሶ ቤት ይጠየቃል። ሰንበቴ ላይ ይጠየቃል። ሚኒባስ ውስጥ ይጠየቃል። አንዱ «ማን ይነካዋል፣ ይመለሳል» ይላል። ሌላው «አለቀለት፣ ሰው ጠልቶታል» ይላል። ተከራክረው ይለያያሉ። ምን ሠራ፣ ምን ሳይሠራ ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

ወገኖቼ፣ በዚህ ነገር እቆጣችኋለሁ። ቁጣዬም ከልቤ ነው።

የኳስ ቲፎዞ ማን እንደሚያሸንፍ ቢገምት አይፈረድበትም። ሜዳ ገብቶ አይጫወትማ! እናንተ ግን ተጫዋቾቹ ናችሁ። ውጤቱን የምታወጡት እናንተው ሆናችሁ እንዴት «ማን ያሸንፍ ይሆን?» ትላላችሁ? የባሰው ደግሞ ግምታችሁን ተከትላችሁ መምረጣችሁ ነው። «መመለሱ ካልቀረ ከእሱ ጋር መሆን ይሻላል» ትላላችሁ። ሁሉም እንዲህ ሲል ሰውዬው ይመለሳል። ያኔ ደግሞ «አላልኩም?» ይመጣል።

ለመሆኑ የምትመዝኑት ማንን ነው? «ዘንድሮ የዞን አስተዳዳሪውን እናወርደዋለን» ሲባል እሰማለሁ። በየትኛው ካርድ? ጎረቤታችን ኬንያ 47 ካውንቲ አላት። የእያንዳንዱን ገዢ ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጣል፤ አንድ ገዢም በተከታታይ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አይቆይም። እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ባደረጉት ምርጫ በርካታ ነባር ገዢዎች ተሸንፈው ወንበራቸውን ለቀዋል። የኛ አሠራር ሌላ ነው። የሰሜን ሸዋ ዞን አስተዳዳሪ ስም በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አይወጣም። የሚሾመው ከክልሉ ነው። የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር የሚመርጠው ደግሞ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት ነው። እዚያ የሚገባውን ሰው የምትልኩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ በዞኑ አስተዳደር የተማረረ ሰው ምሬቱን በካርድ መግለጽ የሚችለው ለክልል ምክር ቤት በሚሰጠው ድምፅ ነው።

የክልል ምክር ቤት ተወካያችሁን ስም ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። አስተዳዳሪውን በስሙ፣ በመኪናው፣ በአጃቢው እናውቀዋለን። ሹሞቹን እንዲቆጣጠርልን የላክነውን ሰው ግን ገበያ መሐል ብናገኘው አንለየውም። ሳናውቀው መርጠነው፣ ሳንጠይቀው ደግመን ልንመርጠው ነው።

የወረዳውና የቀበሌው ነገርማ አይነሳ። የአካባቢ ምርጫ የተደረገው በ2005 ነው። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። በ2005 አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ራሱ መራጭ ሆኗል። መቼ ነው የሚካሄደው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የምንጮኸው ለመታወቂያ ተመላልሰን ሲደክመን ብቻ ነው።

ለፌዴራሉ ተወካይ ቀላል መመዘኛ ልስጣችሁ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ተወካዩ ሐምሌና ነሐሴን ወደ መረጠው ሕዝብ መምጣት ይችላል። እንግዲህ አስታውሱ። በየክረምቱ ወረዳችሁ ብቅ ብሎ ያውቃል? መጥቶስ አዳራሽ ውስጥ ከካድሬ ጋር ተሰብስቦ ተመለሰ ወይስ ገበሬውን አናገረ? ማዳበሪያ ሲዘገይና ዋጋው ሲንር ምን አለ? አጣዬ የተቃጠለችው በሚያዝያ 2013 ነው። ስድስተኛው ምርጫ የተደረገው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው። ሁለት ወር ገደማ ነው ያለው። «ምረጡን» ያሉን ሰዎች አመዱ ሳይበርድ ነው የጠየቁን። ቤቱ ለነደደበት ሰው ምን አስፈጸሙ? ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ዓመታት የቆጠሩት ተፈናቃዮች ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ በምክር ቤት አንስተውት ያውቃሉ? አንስተው ከሆነ ይመስገኑ፤ ድምፃችንም ይገባቸዋል። ካላነሱ ግን «ይመለሳል ወይ» የሚባለው ለምንድን ነው?

«የኔ ድምፅ ምን ይፈይዳል?» የሚለውን ሰው እረዳዋለሁ። በ2002 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። በ2007 አንድም ሳያስቀሩ ጠቀለሉት። ይህን ያየ ሰው ቢከፋው አይገርመኝም። ግን በ1997ም «እነዚህ ሰዎች አይነቃነቁም» ይባል ነበር። ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ ሲሰለፍ፣ አዲስ አበባ ላይ ገዢው ፓርቲ ከ23ቱ የፓርላማ ወንበሮች አንዱንም አላገኘም። ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ የተከተለውን እስርና ሞት ማንም አልረሳውም። ቢሆንም ወንበር ላይ ያለ ሰው መሸነፍ እንደሚችል ያን ቀን በዓይናችን አይተናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በሕጋችን የሚያሸንፈው ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የበለጠ ድምፅ ያገኘው ነው። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። እናንተ ካርድ ሳታወጡ ቤት ስትቀሩ የእሱ ደጋፊዎች ቤት አይቀሩም። በኩርፊያችሁ እየረዳችሁት ነው። ይህን የምለው ተኩስ በሚሰማበት ቀበሌ ላለው ወገኔ አይደለም። እሱ ከቤቱ መውጣት ካቃተው ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የምቆጣው መውጣት እየቻለ ለሚቀረው ነው።

«ምንም ቢሆን የወንዛችን ልጅ ነው» የምትሉትም አላችሁ። የመንዝ ልጅ፣ የቡልጋ ልጅ፣ የተጉለት ልጅ። መልካም! ዝምድናውን ሠርግና ለቅሶ ላይ አሳዩት። እናቶች ውኃ ፍለጋ ጀሪካን ተሸክመው ሲንከራተቱ ዝም ያለ ሰው የማንም ወንዝ ልጅ ቢሆን ምን ይጠቅማል? ምርጫው ሊደርስ ሲል የሚመጣ ግሬደርም አይሸንግላችሁ። መንገዱ አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር።

ሊቀሰቅስ ሲመጣ በአክብሮት ተቀበሉት። እንግዳ ማክበር ባህላችን ነው። ነገር ግን ንግግሩን ሳይጀምር አንድ ሰው ተነስቶ ይጠይቀው። «ባለፉት አምስት ዓመታት ለዚህ ወረዳ ያስፈጸሙትን ይንገሩን። ቃል ገብተው ያልተሳካውንም ከነምክንያቱ ይንገሩን።» ወጣቶች መልሱን ስልካችሁ ላይ ቅረጹት፤ ለሌላውም ቀበሌ ላኩት። በምርጫው ቀን ድምፃችሁን ሰጥታችሁ ስትጨርሱ ውጤቱ በጣቢያው እንደሚለጠፍ አትርሱ፤ ሄዳችሁ አንብቡት። ተመልሶ ከገባም ነገሩ አያበቃም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 እምነት ያጣችሁበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደምትችሉ ይደነግጋል። እሱም ይህን እንደምታውቁ ይወቅ። ጥያቄው ሳይመለስ ደግሞ ማንም እንዳያጨበጭብ።