የጅማ ሰው በምን ይሞታል? መቶኛው ብቻውን አይነግረንም

«ተላላፊ በሽታ አልፎበታል፣ አሁን የሚጨርሰን ግፊትና ስኳር ነው» የሚለው አባባል ጅማ ውስጥ ከስብሰባ አዳራሽ እስከ ለቅሶ ድንኳን ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላኛው ግማሽ ግን የስሌት ውጤት ነው፤ የከተማው የጤና በጀት ደግሞ በዚያ ስሌት መመራት የለበትም።

ከሕፃናት እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳየ። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የቀነሱት። ስለዚህ ከሟች ሕፃናት መካከል የጨቅላዎች ድርሻ ከ30 ወደ 43 በመቶ አሻቀበ። መቶኛውን ብቻ ያየ ሰው የጨቅላ ሞት በዛ ይላል። አልበዛም፤ ሌላው ሞት ፈጥኖ ስለቀነሰ ነው።

ግፊት በሚያመጣው ስትሮክም (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ያው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ቀበሌ ውስጥ በዓመት 100 ሰው ቢሞት፣ 50ዎቹ ሕፃናት፣ 10ሩ የስትሮክ ሟቾች ቢሆኑ፣ ከዚያ የሕፃናቱ ሞት ወደ 20 ቢወርድ፣ አንድም ተጨማሪ ሰው በስትሮክ ሳይሞት ድርሻው ከ10 ወደ 14 በመቶ ያድጋል። ስትሮክ በርግጥ ጨምሮ እንደሆነ ለማወቅ በየዕድሜ ክልሉ የሟቹን ቁጥር በዚያው ዕድሜ ላለው ነዋሪ ቁጥር ማካፈል የግድ ነው። ያለ ዕድሜ የሚቀርብ የሞት ሪፖርት ብዙም አይጠቅምም።

ግብፅ የተወለደው የሕዝብ ጤና ተመራማሪ አብደል ኦምራን በ1971 ያቀረበው ሐሳብ አገሮች ከረሃብና ወረርሽኝ ዘመን ተነስተው በእርጅናና በአኗኗር ወደሚመጡ በሽታዎች እንደሚሸጋገሩ ይናገራል። ጅማ ላይ ይህ መሰላል ቀጥ ብሎ አይቆምም። የሩማቲክ የልብ በሽታን እንይ። በመዝገብ «ተላላፊ ያልሆነ» ተብሎ ይሰፍራል፤ መነሻው ግን በልጅነት በደንብ ያልታከመ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ባክቴሪያውን የሚገድለው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አንድ መርፌ በጊዜው ቢወጋ ይቆም የነበረው ነገር፣ ልጁ እንጥሉን ሲቆረጥ ወይም «ቶንሲል ነው፣ ይለፍለታል» ሲባል ከርሞ የልብ በር ያበላሻል። ከዚያ በኋላ መርፌው በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ለዓመታት ነው። ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ሴት በዚህ ስትሞት ከግፊት ሟች አዛውንት ጋር በአንድ ዓምድ ትደመራለች።

ታዲያ መረጃው ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከሆስፒታል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ግን የከተማው ብቻ አይደለም፤ ከኢሉባቦር፣ ከከፋ፣ ከጋምቤላ ሳይቀር ሪፈር ይመጣል። እዚያ የሞተ ሁሉ የጅማ ሰው አይደለም፤ የጅማ ሰውም ሁሉ እዚያ አይሞትም። በየትኛውም ሆስፒታል ቢሆን ደግሞ የሞት የምስክር ወረቀት አሞላሉ ራሱ ችግር አለበት። «ልብና መተንፈስ ቆመ» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው፤ የማንም ልብ ሳይቆም አይሞትም። በትክክል ሲሞላ በላይኛው መስመር ወዲያውኑ የገደለው፣ ለምሳሌ የአንጎል ደም መፍሰስ፣ ከሥሩ ያንን ያመጣው ግፊት፣ ከየመስመሩ ጎን ደግሞ ስንት ጊዜ እንደቆየ ይሰፍራል። ስኳር ካለበትና ሞቱን ካባባሰ በሁለተኛው ክፍል ይገባል። ለስታቲስቲክስ የሚቆጠረው ከታች ያለው መነሻ ነው።

ቤት ለሚሞተው መፍትሔ አለ፤ ተሞክሮውም እዚሁ ደጃችን ነው። በጊልጌል ጊቤ ግድብ ዙሪያ፣ በሶኮሩ፣ በኦሞ ናዳ፣ በጢሮ አፈታና በከርሳ ባሉ የተመረጡ ቀበሌዎች ዩኒቨርሲቲው ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትና ሞት ይመዘግባል። የሐዘኑ ጊዜ ሲያልፍ የሠለጠነ ጠያቂ ሟቹን ያስታመመውን ሰው ያነጋግራል፦ ሳሉ ከሁለት ሳምንት አልፎ ነበር ወይ? እግሩ አብጦ ነበር? አንድ ጎኑ በድንገት ሰንፎ ነበር? ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረው ነበር? መልሱን ሐኪሞች ወይም ኮምፒውተር መርምረው ሊሆን የሚችለውን ምክንያት ይሰጣሉ። ጉድለትም አለው። ኤችአይቪና ራስን ማጥፋት ይደበቃሉ፤ «እርጅና ነው» የሚል መልስ መንገዱን ይዘጋል፤ ዓመት ካለፈው ደግሞ ትዝታው ይደበዝዛል።

ይህን ወደ ከተማው ለማምጣት አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። አዲስ አበባ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመቃብር ቦታዎች ቀብር እየመዘገበች የኤድስን ሞት ለመከታተል ችላለች። ጅማ ደግሞ እድር አላት። ገንዘብ ስለሚከፈልበት የእድር መዝገብ ሞትን አይዘልም። የሚጎድሉት የሟቹ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቀበሌና ያስታመመው ሰው ስልክ ናቸው፤ አራት ዓምድ መጨመር ለጸሐፊው ከባድ ሥራ አይደለም። ጸሐፊው ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በየወሩ ቢያስተላልፍ፣ ቤተሰቡም ሞትን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ የሚለውን ሕግ እግረ መንገዱን ይፈጽማል።

እድሩ የማይይዘው ጨቅላውን ነው። በሦስተኛ ቀኑ ለሞተ ሕፃን ጥሩምባ አይነፋም፤ አልቅሶ የነበረውም «ሞቶ ተወለደ» ይባላል። እነዚህን ማግኘት የሚቻለው ከነፍሰ ጡር መዝገብ ነው፦ የመውለጃ ቀኗ የደረሰ እናት ሁሉ ትታይ፣ ሕፃኑ ከሌለ ሲወለድ ማልቀሱ፣ መንቀሳቀሱና መተንፈሱ ይጠየቅ።