ሚዛኑ ከክፍል ይውጣ

መምህራን፣ ለ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ንባብ ስለ ሰውነት ቅርፅና አመጋገብ መምረጣችሁ ትልቅ ነገር ነው። ተማሪዎች ተመዝነው ቢኤምአይ (ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር) ያስሉ የሚለው ሐሳባችሁ ግን ይቅር። ከ18.5 በታች «ከሲታ»፣ ከ25 ጀምሮ «ወፍራም» የሚሉት የአዋቂ ወሰኖች ናቸው፤ እስከ 19 ዓመት ውጤቱ የሚነበበው በዕድሜና በጾታ በተለየ ሠንጠረዥ ነው። በአዋቂው ወሰን ጤነኛ የ14 ዓመት ልጅ «ከሲታ» ተብላ ልትወጣ ትችላለች፣ ያውም በጓደኞቿ ፊት።

ንባቡ ከቃላት ይጀምር። «ዳየት» ዘወትር የምንበላው ምግብም ነው፣ ክብደት ለመቀነስ የሚያዝ ገደብም ነው። ይህ ካልተለየ «ባላንስድ ዳየት» (የተመጣጠነ ምግብ) ሲባል ልጆቹ መክሳት ይመስላቸዋል። ቀጥሎ «ቀጭን» ማለት የሆኑት «ስሊም»፣ «ቲን»፣ «ስኪኒ» ከሙገሳ ወደ ነቀፋ ይደርደሩ። ጎጃም ውስጥ ውይይቱ የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው፦ እናቶች ዘንድ «ወፈር ብለሻል» ሙገሳ ነው፣ «ከስተሻል» ደግሞ «ምን ነካሽ?» ማለት ነው፤ የስልኩ ምስል ግን ተቃራኒውን ይሰብካል። ልጆቹ ሁለቱን ራሳቸው ያነጻጽሩ።

ለ40 ደቂቃ ከ200 እስከ 250 ቃላት ያለው ምንባብ ይበቃል። ለመክሳት ሲባል የበሉትን የማስመለስ ዘዴ ወይም የካሎሪ ቁጥር የሚዘረዝር አይመረጥ፤ ለማስጠንቀቅ የተጻፈው ለተጨነቀች ልጅ መመሪያ ይሆናል።

ጾምና ክብደት መቀነስም አይቀላቀሉ። ጾሙ ከተፈታ በኋላም ምግብ የምትሸሽ፣ የወር አበባዋ የቀረ፣ የሚያዞራት ልጅ ካለች መምህሩ ለብቻዋ ያናግራት፤ ቤተሰቧም ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።