ምስክሮቻችን ገላን ጉራ ገብተዋል

የካዛንቺስ ልጆች፣ የፒያሳ ልጆች፣ የአራት ኪሎ ልጆች፣ ዛሬ ስለ ልደት ምዝገባ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣዬን ከፍቅር ቁጠሩልኝ።

በቅርቡ አንድ የሰፈራችን ልጅ የአባቱን ውርስ ለማጣራት ፍርድ ቤት ሄደ። የሟች ልጅ መሆንህን አስረዳ ተባለ። የልደት ሰርተፍኬት የለውም። እርግጥ መዝገብ ባይኖርም ሕጉ በር አይዘጋም። ሰው ሁሉ የእገሌ ልጅ ብሎ ሲያውቀው መኖሩን በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ልጁም ምስክር ፍለጋ ወጣ። ድሮ ቢሆን ደጅ ቆሞ መጣራት ይበቃው ነበር። እናቱን ያዋለዱት እማማ አጥሩ ማዶ ነበሩ። የዕድሩ ጸሐፊ ቤት ደግሞ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። አሁን ሰፈራችን ፈርሷል። እማማ ከከተማው ዳር ያለው የተነሺዎች ሰፈር፣ ገላን ጉራ ገብተዋል። ጸሐፊው አርፈዋል። ሌሎቹ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም።

እማማ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ታክሲ እየቀያየሩ መጡ። ችሎት ደጅ ግማሽ ቀን ጠበቁ። ቀጠሮው ተላለፈ። አጅቤ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ "በዚህ እጄ ነው የተቀበልኩት፤ ምኑ ያጠራጥራል?" ይሉኝ ነበር።

ያጠራጥራል፣ እማማ። ዳኛው ካዛንቺስ አልኖሩም።

እኛ የሰው ምስክር ይበቃናል ብለን ነው የኖርነው። በከፊል ጥፋቱ የእኛ አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ በዝርዝር ጽፎ ነበር። ግን ያው ሕግ ራሱ መጨረሻው ላይ አፈጻጸሙን አቆየው። ከዚያ ወዲህ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች የፈለገ ሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ያወጣ ነበር። ያልፈለገውን የሚጠይቀው አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ምዝገባው ግዴታ ሆነ፤ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የወለደ ሰው ምክንያት አለው። ከዚያ ወዲህ የወለዳችሁ ግን ምን ትላላችሁ?

ሕጉ የሰጣችሁ 90 ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ሙስሊሞች ለተወለደ ልጅ የሚያርዱት አቂቃም በሰባተኛው ቀን ይታረዳል። ሁሉም ከ90 ቀን በፊት ናቸው። ለድግሱ ድንኳን ትከራያላችሁ፣ ዘመድ ትጠራላችሁ። ወረዳ ድረስ መሄድ ለምን ይከብዳችኋል? ሆስፒታሉ የሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጡና ሰርተፍኬት ያላችሁ ይመስላችኋል። አይደለም። እሱ ልጁ መወለዱን ለመዝጋቢው የሚናገር ወረቀት ነው። የክትባት ካርዱም ሰርተፍኬት አይደለም። መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ልጁ በሕግ ፊት የልደት ሰርተፍኬት የለውም።

"የፋይዳ መታወቂያ አለኝ፣ ምን ጎደለኝ?" የሚሉም ሰምቻለሁ። ፋይዳ ጥሩ ነገር ነው። አሻራና ዓይን ይይዛል፤ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ያው የተመዘገበው ሰው መሆኑን ያረጋግጣል። ከማን ተወለደ፣ የት፣ መቼ ለሚለው ግን መልሱ ያለው የልደት መዝገቡ ላይ ነው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ላይ ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው ይላል። መብቱን በእጁ የምታስይዙት እናንተ ናችሁ።

ዕድሜን ደግሞ ቀላል አታድርጉት። ልጅ ሳይመዘገብ አድጎ ወንጀል ተጠርጥሮ ቢያዝ ምን ይሆናል? ከ9 ዓመት በታች ከሆነ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ከሆነ እንደ አዋቂ አይቀጣም። ሰርተፍኬት ከሌለው ግን ዕድሜው በሐኪም ይገመት ይባላል። ግምት ግምት ነው፤ አንድ ሁለት ዓመት ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል። ለዚያ ልጅ ደግሞ ያቺ አንድ ዓመት ሕይወቱ ናት። ያለ 18 ዓመቷ ልትዳር የተዘጋጀች ልጅም ዕድሜዋን በምን ታስረዳ?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በቤቴ የደረሰ ነው። እህቴ ፓስፖርት ልታወጣ ስትል ሦስት ልደት ተገኘባት። የትምህርት ቤቱ፣ የክርስትናው፣ የቀበሌ መታወቂያው። አንዱ ጸሐፊ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለውጥ 8 ደመረ። እሷ የጥቅምት ልጅ ናት፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ ድረስ የሚደመረው 7 ነው። ሌላው ስህተት የኛው ነው፤ ትምህርት ቤት ቶሎ እንድትገባ ብለን ዕድሜ ጨመርንላት። ለማስተካከል ወራት ፈጀ። እባካችሁ፣ ለእግር ኳስ ብላችሁ ዕድሜ አትቀንሱ፣ ለዓረብ አገር ብላችሁ አትጨምሩ። በደላላ የተሠራ ሰርተፍኬት ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። የሚጠየቀው ደላላው ብቻ አይደለም።

90 ቀን ያለፋችሁም ሂዱ። ዘግይቶም ይመዘገባል፤ ማስረጃው ይበዛባችኋል እንጂ። አዋቂዎችም የራሳችሁን አውጡ። ያዋለዷችሁ፣ ክርስትና ያነሷችሁ፣ ከእናታችሁ ጋር ቡና የጠጡ ሰዎች ዛሬ በአራቱም ማዕዘን ተበትነዋል። ስልካቸውን ፈልጉ፣ ጠይቋቸው፣ ቀኑን ጻፉት።

የዚያ ልጅ ቀጠሮ ለሚቀጥለው ወር ነው። ለእማማ ደውዬ ነገርኳቸው። "እስከዚያ ካቆየኝ እመጣለሁ" ብለውኛል።